ያልተሟሸ ገንቦ፡- ችፌ፣ ውሃ እና የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

መግቢያ

በአንድ ወቅት በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትነትን ምንነት የሚያሳይ ሙከራ ይዘን ቀርበን ነበር። ሙከራው እጅግ ቀላል ነው፤ በእጅ ጀርባ ላይ ጥቂት አልኮል ጠብ ይደረጋል፤ አልኮሉ ሲተን ከቆዳው ሙቀት ስለሚወስድ ቅዝቃዜ ይሰማል። ከፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አልዘረጋችም። ሁለቱንም እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ «መምህር፣ የእኔ ይቅር» አለች።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ቀረብ ብለን ስንጠይቃት እጆቿን አሳየችን። የጣቶቿ ጀርባና የክንዶቿ መታጠፊያ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከቀሪው ገላዋ ይልቅ ጠቁሮና ወፍሮ ነበር። ጤና ጣቢያ «ችፌ ነው» እንዳሏት ነገረችን። ሎሚ ብትቀባበት እንደ እሳት አቃጥሏታል፤ ጤና አዳም ጨምቃ ብታደርግበት ውሃ ቋጥሯል። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን «አብረውኝ የሚቀመጡት ይጋባል ብለው ወንበር ቀየሩ» ማለቷ ነበር። ቀጥላም አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፡- «ውሃ ነገርን ያርሳል እንጂ አያደርቅም። ታዲያ እኔ በታጠብኩ ቁጥር ቆዳዬ ለምን ይበልጥ ይደርቃል?»

ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ የተማሪዋ ጥያቄ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት እንሞክራለን፤ ከመልሱም ተነሥተን ችፌን የሚያስታግሱ፣ በየቤታችን ልንፈጽማቸው የምንችል የእንክብካቤ ዘዴዎችን እንመለከታለን።

ችፌ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ችፌ (ኤክዜማ) ቆዳ የሚደርቅበት፣ የሚቆጣበትና አጥብቆ የሚያሳክክበት ሕመም ነው። በሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጉንጭን፣ በልጆችና በወጣቶች ላይ ደግሞ የክንድን መታጠፊያ፣ ቋንጃን፣ አንገትንና እጅን ያጠቃል። በውጭ አገር መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» እየተባለ ቢገለጽም በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቆር ያለ፣ ግራጫማ ወይም ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ ሆኖ ይታያል። ሲታገስም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ይህ ምልክት ጠባሳ ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ወንበር በመቀመጥም ሆነ ልብስ በመዋዋስ አይጋባም። ሰዎች የሚፈሩት ከሌሎች የቆዳ ሕመሞች ጋር ስለሚያመሳስሉት ነው። እከክ ለምሳሌ በእርግጥ ተላላፊ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2015 እና በ2016 በነበረው ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በወረርሽኝ መልክ ተስፋፍቶ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እከክ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ይበረታል፤ ሌሊት ያይላል፤ ከአንድ ሰው አልፎም የቤቱን ሰው ሁሉ ያሳክካል። ጭርት ደግሞ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ዳር ዳሩ ጎላ ያለ ክብ ቅርጽ አለው። ለሦስቱም የሚታዘዘው መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ የሕመሙን ማንነት መጀመሪያ በጤና ባለሙያ ማስለየት ያስፈልጋል።

የቆዳችን ግንብ

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ስስ ነው፤ በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ከአሥር እጅ አንዱ እስከ አምስት እጅ አንዱ ያህል ነው። ይሁን እንጂ በውስጣችን ባለው ውሃና በደረቁ አየር መካከል የቆመው ዋናው አጥር ይኸው ንጣፍ ነው።

እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ፒተር ኢላያስ የተባሉት አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም የዚህን ንጣፍ አሠራር ከጡብ ግንብ ጋር በማመሳሰል አስረድተዋል። ጡቦቹ የሞቱና ጠፍጣፋ የሆኑ ሕዋሳት ናቸው። በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ደግሞ ቅባት ሲሆን የተሠራውም ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ቅባታማ አሲዶች ከተባሉ ውሁዶች ነው። ውሃ በዚህ ቅባት ውስጥ በቀላሉ ማለፍ አይችልም።

ይህንን ለመረዳት ከገዛ ማጀታችን ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ ገንቦ ከገበያ ተገዝቶ ሳይሟሽ ውሃ ቢሞላበት ውጪው ያልበዋል፤ ውሃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳዎች ሾልኮ ይወጣና ይተናል። ባልትና የምታውቅ ሴት አዲስ ሸክላን በቅባት ነገር ታሟሻለች፤ ምጣዷንም በጎመን ዘር ታስሰዋለች። ቅባቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ የውሃውን መንገድ ይዘጋል። ጤነኛ ቆዳ የተሟሸ ገንቦ ነው፤ ችፌ ያለበት ቆዳ ግን ማሟሻው የሳሳ ገንቦ ነው። ውሃ ወደ ውጪ ይሾልካል፤ አቧራ፣ ሳሙናና ጀርም ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሰውነትም የገባውን ባዕድ ነገር ለመከላከል ሲነሣ ቆዳው ይቆጣል፤ ያሳክካል።

ማሟሻው የሚሳሳው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ውርስ ነው። እ.ኤ.አ በ2006 በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አርዊን ማክሊንና ባልደረቦቻቸው «ፊላግሪን» የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ-መል ሲጎድል ለችፌ እንደሚያጋልጥ አሳወቁ። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ግኝት በቀጥታ የእኛ ሊሆን አይችልም፤ እ.ኤ.አ በ2011 በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱትን የፊላግሪን ጉድለቶች አላገኘም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ ችፌ የሚያደርሰው መንገድ ከአንድ በላይ ነው። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው ግን አንድ ይመስላል፤ ይኸውም ውሃ የሚያሾልክ ቆዳ ነው።

የፊክ ሕግ በቆዳችን ላይ

ጀርመናዊው የሥነ-አካል ሊቅ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ በ1855 አንድ ሕግ አወጡ። ሕጉ አንድ ነገር ከበዛበት ወደ አነሰበት ቦታ ሲሰርግ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ይናገራል። ለእኛ በሚበቃ መልኩ ሲጻፍ፡-

የውሃ ፍሰት = የግንቡ የማሳለፍ ጠባይ × በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ክምችት ልዩነት ÷ የግንቡ ውፍረት

ይህ ሕግ ፍሰቱን ለመቀነስ ያሉንን በሮች ያሳየናል። የመጀመሪያው ግንቡ ውሃን እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው አየሩ እጅግ እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው፤ ሦስተኛው ግንቡ በማከክና በመፈግፈግ እንዳይሳሳ መከላከል ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው የእንክብካቤ ዘዴዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ የሚያልፉ ናቸው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። በጤነኛ ቆዳ ላይ ከአንድ ስኩዌር ሜትር በሰዓት ከ5 እስከ 10 ግራም ያህል ውሃ ይተናል። 7 ግራምን ብንወስድና የአንድን አዋቂ የቆዳ ስፋት 1.7 ስኩዌር ሜትር ብናደርግ፣ በ24 ሰዓት 7 × 1.7 × 24 = 286 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህም ላብን ሳይጨምር አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ማለት ነው። ችፌ በበረታበት ቆዳ ላይ ይህ ፍሰት ሦስትና አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ለምን ያደርቃል?

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። የገበሬውን ጠፍር እናስብ። ጠፍር ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል፤ ከውሃው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ግን እንደ እንጨት ይደርቃል። የሚለሰልስ ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ሞራ ወይም ሌላ ቅባት መታሸት አለበት። በእኛም ቆዳ ላይ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ስንታጠብ የላይኛው ንጣፍ ውሃ ይጠጣል፤ ያብጣል፤ በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣም ላላ ይላል። ከዚያ ሳንቀባ ብንተወው የጠጣው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፤ ንጣፉም ተኮማትሮ ይሰነጠቃል።

ሳሙና ሲጨመር ጉዳቱ ይከፋል። የሳሙና ሥራ ቅባትን ከውሃ ጋር አዋሕዶ ማስወገድ ነው፤ ሳሙናው ግን የሳህኑን ቅባት ከቆዳችን ማሟሻ አይለይም። ከዚህም ሌላ የጤነኛ ቆዳ ገጽ አሲዳማ ሲሆን ፒኤቹ 5 ገደማ ነው፤ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒኤች ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። የቆዳው አሲዳማነት ሲቀንስ ሴራማይድ የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች ይዳከማሉ፤ የጡቦቹን ማያያዣ የሚበጥሱት ደግሞ ይበረታሉ።

ስለዚህ ለተማሪዋ የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፡- ያደረቀሽ የገባው ውሃ አይደለም፤ ማሟሻሽን ይዞ የወጣው ነው።

የአየሩ ጠባይ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በወልድያና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ሌሊቱ ይበርዳል፤ አየሩም ይደርቃል። በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ሊሸከም የሚችለው ውሃ 9.4 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ በውስጡ ያለው 5.6 ግራም ነው ማለት ነው። ይህ አየር ወደ ቤት ገብቶ በከሰል ማንደጃ 25 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በዚያ ሙቀት 23 ግራም መሸከም ስለሚችል አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 24 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ተጠምቷል፤ ጥሙንም ከቆዳችን ያረካል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የሆንነው እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ በክረምቱ ወራት በማሞቂያ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ የጣቶቻችን ጫፎች ተሰንጥቀው ይደሙ ነበር። ምክንያቱን ያወቅነው ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከሃይግሮሜትር ነበር።

ቆላማ በሆነው የሀብሩ ክፍል ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀትና ላብ ነው። ላብ ሲተን ጨውን በቆዳው ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ጨውም የተሰነጠቀውን ቆዳ ያቃጥላል። በአዝመራ ወቅት ከአውድማው የሚነሣው የጤፍና የማሽላ እብቅ ሲጨመርበት ማሳከኩ ይበረታል።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን ስድስት ተግባራት እንመክራለን።

1ኛ. ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፡- በጣም የሞቀ ውሃ ቅባትን ያሟሟል፤ ማሳከክንም ይቀሰቅሳል። በወልድያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ 20 ዲግሪ ከሆነ አራት ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቢቀላቀል፣ (93 + 4 × 20) ÷ 5 = 34.6 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ለቆዳ ተስማሚ ነው። ቀዝቃዛው ቀድሞ በሳፋው ውስጥ ይደረግ፤ የፈላው በኋላ ይጨመር፤ ከመታጠብ በፊትም በክርን ይለካ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል።

2ኛ. ሳሙናን መቆጠብ፡- ሳሙና ለብብት፣ ለእግርና ለቆሸሸ ቦታ ብቻ ይሁን። ችፌ ያለበትን ቦታ በውሃ ብቻ ማጠብ በቂ ነው። ልብስ በዱቄት ሳሙና ከታጠበ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ የሚያጥበውም ሰው ችፌ ካለበት ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የፕላስቲክ ጓንት ቢያደርግ መልካም ነው።

3ኛ. ሳይደርቅ መቀባት፡- ከታጠቡ በኋላ በፎጣ አለመፈግፈግ፤ እያስነኩ ማድረቅ ብቻ። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊን መቀባት። ቫዝሊን በአሜሪካዊው ሮበርት ቼስብሮ እ.ኤ.አ በ1872 የባለቤትነት መብት የተወሰደበት ተራ ነገር ነው፤ ሆኖም የውሃን ትነት በመግታት ረገድ የሚበልጠው ቅባት ማግኘት ያዳግታል። ሽታ ያልተጨመረበትን መምረጥ ይገባል። ከዕቃው በጣት ከመዛቅ ይልቅ በንጹሕ ማንኪያ ማውጣት ጀርም እንዳይገባበት ይረዳል።

4ኛ. ግሊሰሪንን በአግባቡ መጠቀም፡- ግሊሰሪን ውሃን ወደ ራሱ ይስባል። ደረቅ አየር ውስጥ ሳይበረዝ ቢቀባ ውሃውን ከታችኛው ቆዳ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ ተበርዞ በእርጥብ ቆዳ ላይ ይቀባ፤ በላዩም ቫዝሊን ይደረብበት። የተሰነጠቀውን ቦታ የሚያቃጥል ከሆነ ይተው።

5ኛ. ልብስን መምረጥ፡- የጥጥ ጋቢና ነጠላ ለቆዳ ይስማማሉ። ባናና በርኖስ ግን ከገላ ጋር በቀጥታ ባይነካኩ ይመረጣል። የሱፍ ክር የሚወጋው ስለማይታጠፍ ነው፤ ክርን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከስፋቱ አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። የክሩ ስፋት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ 16 እጥፍ ይሆናል። ስፋታቸው ከ30 ማይክሮሜትር የሚበልጥ ክሮች የሚቆረቁሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሥር የጥጥ ልብስ መልበስ ችግሩን ያቃልላል።

6ኛ. አለማከክ፣ ይልቁንም ማቀዝቀዝ፡- ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ፤ ሲያሳክክ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግና ወዲያው መቀባት። ማከክ ለጊዜው ያስደስታል፤ ግንቡን ግን ያፈርሳል፤ የፈረሰው ግንብም እንደገና ያሳክካል።

በአካባቢያችን ሌሎች የውሃ አጋጣሚዎችም አሉ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ፊቱን፣ እጁንና እግሩን በተደጋጋሚ ያርሳል፤ ጠበል የሚጠመቅም እንዲሁ። ሥርዓቱ ሲፈጸም ቆዳውን አስነክቶ አድርቆ ወዲያው መቀባት ነው እንጂ ሥርዓቱን መተው አያስፈልግም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ቅባት የጠጣ ልብስና ጨርቅ እሳት ከነካው በፍጥነት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ተቀብቶ ወደ ምድጃ፣ ወደ ከሰል ማንደጃና ወደ ኩራዝ መጠጋት አደጋ አለው፤ በተለይ ሕፃናትን።

የተለመዱ መድኃኒቶች ሲመረመሩ

ሎሚ፡- በመርሳ ገበያ የማይጠፋው ሎሚ ፒኤቹ ከ2 እስከ 2.5 ነው። ቆዳ አሲዳማነትን ይወዳል ቢባልም፣ ፒኤች የሎጋሪዝም መለኪያ በመሆኑ ሎሚ ከቆዳ ገጽ በመቶዎች እጥፍ የበለጠ አሲዳማ ነው። ከዚህም በላይ በሎሚ ልጣጭና በጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውሁዶች ይገኛሉ። እነዚህ በቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቃጠሎ ያስከትላሉ። የተማሪዋ እጅ ውሃ የቋጠረበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ነጭ ሽንኩርት፡- ተወቅጦ ቆዳ ላይ ሲታሰር እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ያቆስላልም።

ሬት፡- ከቅጠሉ መካከል የሚገኘው ዝልግልግ ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ይቆጣል።

እንዶድ፡- ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት ይህ የአገራችን ተክል ድንቅ የልብስ ማጠቢያ ነው። የሚያጥበው ግን ሳፖኒን በተባለው፣ እንደ ሳሙና ቅባትን በሚያነሣ ውሁድ ስለሆነ ለችፌ አይበጅም።

ቅቤና የምግብ ዘይት፡- ቅባት በመሆናቸው ትነትን ይገታሉ። ሆኖም ያልተነጠረ ቅቤ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። የምግብ ነገር በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባም ሰውነት ያንን ምግብ እንደ ጠላት መቁጠር ሊጀምር እንደሚችል ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ዘይትም ሁሉ አንድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት የወይራ ዘይት የቆዳን ግንብ ሲያዳክም የሱፍ አበባ ዘይት ግን እንዳልጎዳው አሳይቷል። ቫዝሊን በየሱቁ እያለ በምግብ መሞከር አያስፈልግም።

«እኔን ያዳነኝ» ሲባል

ችፌ ይመጣል፤ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒት የምንፈልገው በባሰበት ሳምንት ነው፤ ከባሰበት ሳምንት በኋላ ደግሞ ምንም ባናደርግ እንኳ ብዙ ጊዜ የተሻለ ሳምንት ይከተላል። በዚያ ሳምንት የተቀባነው ነገር ሁሉ ያዳነን ይመስለናል። ጎረቤት ሁሉ የየራሱ ፍቱን መድኃኒት ያለው ስለዋሸ አይደለም፤ የተመለከተው አንድ ጊዜ ስለሆነ ነው።

ለዚህ መፍትሔው በሳይንስ ክፍል የምንማረው ቁጥጥር ያለው ሙከራ ነው። ሁለቱ ክንዶች ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካሉ አንዱን በአዲሱ ዘዴ፣ ሌላውን በነባሩ ዘዴ ለሁለት ሳምንት መንከባከብ፤ በየማታው የማሳከኩን መጠን ከ0 እስከ 10 በደብተር መመዝገብ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። የአየሩን ሁኔታ፣ የታጠብንበትን ሳሙናና የለበስነውን ልብስም መጻፍ ይጠቅማል። ሆኖም በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ለሙከራ ሲባል ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያቃጥል ነገርም ለሙከራ አይቀርብም።

ወደ ሐኪም መቼ እንሂድ?

ቆዳው መግል ከያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሕመም ያላቸው ትናንሽ ውሃ ቋጠሮዎች በአንድነት ከወጡ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ችፌው እንቅልፍ የሚነሣ ወይም በእንክብካቤ የማይታገስ ከሆነም ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ሊያዝ ይችላል። ይህ ቅባት በታዘዘው መጠንና ቀን ሲወሰድ ጠቃሚ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ ለወራት መቀባት፣ ይልቁንም ፊትን ለማቅላት መጠቀም ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ጭርት ላይ ከተቀባም ያስፋፋዋል። ለከበደ የቆዳ ሕመም በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው።

ማጠቃለያ

ችፌ አንድ ጊዜ ተቀብተውት የሚገላገሉት ሕመም አይደለም። ምጣድ አንድ ጊዜ ታስሶ እንደማይቀር ሁሉ ማሟሻው የሳሳ ቆዳም በየዕለቱ መታሰስ ይፈልጋል። የሚያስፈልገው ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ብዙ ቫዝሊን፣ የጥጥ ልብስ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ያቺ ተማሪ ይህንን እንክብካቤ ከጀመረች በኋላ በሌላ ጊዜ አግኝተናት ነበር። ችፌው ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስንጥቁ ግን ገጥሟል። በደብተሯ ላይ ቁጥሩ ከ8 ወደ 3 የወረደበትን ግራፍ ሠርታ አሳየችን። ግራፉን ያሳየችን በሁለት እጆቿ ዘርግታ ይዛው ነበር። በየክፍሉ እጃቸውን የሚሸሽጉ ሌሎች ተማሪዎች መኖራቸው አይቀርም። አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው የመጀመሪያው መድኃኒት ወንበር አለመቀየር ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሁለት እኩል የተላጡ የድንች ቁራጮች ውሰዱ። አንዱን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። በየሰዓቱ በቤተ-ሙከራ ሚዛን እየመዘናችሁ ክብደታቸውን በግራፍ አሳዩ። የሁለቱ መስመሮች ልዩነት ከፊክ ሕግ የትኛውን ክፍል ያሳያል?

2. የአንድ ሰው ችፌ ከቆዳው 10 በመቶ ላይ ቢሆንና ከዚያ ቦታ በሰዓት ከአንድ ስኩዌር ሜትር 25 ግራም ውሃ ቢተን፣ በቀን ከዚያ ቦታ ስንት ግራም ይተናል? ጤነኛ ቢሆን ኖሮስ? (የቆዳ ስፋት 1.7 ስኩዌር ሜትር፤ የጤነኛ ቆዳ ፍሰት 7 ግራም ይሁን።)

3. በምትኖሩበት አካባቢ ቀዝቃዛው ውሃ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ በአንድ ጣሳ የፈላ ውሃ ላይ ስንት ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨመር 35 ዲግሪ ገደማ ይገኛል? የሳፋው ሙቀት መጠጣት መልሱን ወደ የት ያዛባዋል?